ማሽኑ አልታረቀም

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ የካ የሚወርደው የእግር መንገድ ጉልበት የከዳው ሰው የሚደፍረው አይደለም። እማማ ሮማነወርቅ ግን በየወሩ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ይወጡታል፤ ይወርዱታል። በእጃቸው የሚይዙት ዘንግ እንኳ ለእግራቸው ድጋፍ ሳይሆን ለውሻና መንገድ ዘግቶ ለሚቆም ጎረምሳ ነው። የዚያን ዕለትም አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በባሕር ዛፉ መካከል ሲያዘግሙ ከኋላቸው የሩጫ ኮቴ ሰሙ። ዞር ቢሉ አንዲት ወጣት ሴት ላቧ በግንባሯ እየወረደ ቁልቁለቱን ትጋልበዋለች።

«ማነሽ አንቺ? ማን አባሮሽ ነው?» ብለው ዘንጋቸውን አነሱ። «ሌባ ከሆነ ከኋላዬ ቁሚ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ!»

ልጅቱ እያለከለከች ቆመችና ሳቀች። «ማንም አላባረረኝም፣ እማማ ሮማነ፤ ስፖርት እየሠራሁ ነው። አላወቁኝም እንዴ? ሲፋን ነኝ፤ የቱሉ ልጅ።»

«የቱሉ ልጅ! አፈር ስሆን!» ጠጋ ብለው ፊቷን አገላብጠው አዩት። «አባትሽ ይህን ተራራ የሚወጣው እንጨት ሊያወርድ ነበር። አንቺ ደግሞ ላብ ልታወርጂበት ትወጫለሽ? ለመድከም ብሎ መድከም! ይህም ትምህርት ተብሎ ይሆናላ።»

ሲፋን ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው ቀድመው ግንባሯን ሳሟት። ይህች ሲፋን ሕግ ተምራ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረች ልጅ ናት። አባቷ ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ተተክሎበታል። ልጅነቷን ያሳለፈችው ግን በእማማ ሮማነወርቅ ደጅ፣ ከልጅ ልጃቸው ከማዕዶት ጋር ካንድ ትሪ እየበላች ነው።

«ማዕዶትስ እንዴት ናት? ሥራ ሥራ ስንል ተጠፋፋን» አለች።

እማማ ሮማነወርቅ መሄድ ጀመሩ። ከባድ ነገር መናገር ሲኖርባቸው የሰው ዓይን ማየት አይወዱም።

«ልትሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ቤት ተከራይታ፣ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በዚህ እጄ ያሳደግኳት ልጅ ወሩ ሲያልቅ ጥላኝ ትወጣለች።»

«ተጣላችሁ?»

«ከእኔ ጋር ደግሞ ማን ይጣላል?»

ሲፋን በሰፈሩ ከሳቸው ጋር ያልተጣላ ሰው ለማስታወስ ሞክራ አልሆነላትም፤ ጨዋ ስለሆነች ግን «ታዲያ ምን ሆና ነው?» ብቻ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕዶት ነርስ ናት፤ ተራዋ ሌሊት ሌሊት ነው። ሰው ሁሉ ሲነሣ እሷ ገብታ ትተኛለች። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የእትዬ ዳርቱ ልጅ ሚልኬሳ ግቢው ውስጥ የብረትና የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል። ማዕዶት ገና ትራስ ስትነካ የብረት መቁረጫው ግራይንደር ይነሣል፤ ብረቱ ያፏጫል፣ መዶሻው ይከተላል፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ልጅቱ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ በትራስ ሸፍና ሞከረች፤ አልሆነም። በቅርቡ ለበሽተኛ መድኃኒት ልትሰጥ መርፌውን እንደያዘች ቆማ አንቀላፋች፤ ስትባንን ወደ ሌላ በሽተኛ አልጋ ዞረች። ጓደኛዋ ባታያት ኖሮ መድኃኒቱ ለሌላ ሰው ይገባ ነበር። ማዕዶት ያን ዕለት እያለቀሰች መጥታ፣ «እትዬ፣ እዚህ ቤት ከቆየሁ ሰው እገድላለሁ» አለች። አያቷን «እትዬ» ብላ ነው የምትጠራቸው።

«እና እርስዎ ምን አደረጉ?» አለች ሲፋን ይህን ሁሉ ሰምታ።

«ምን ላድርግ? ዛሬ መጥቼ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። የዚያን ልጅ ማሽን ሰብረሽ አሳዪኝ፣ ጃንጥላ አገባልሻለሁ አልኳት።»

ሲፋን ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቁ ግን በአፍንጫዋ አመለጠ።

«ምን ያስቅሻል? ያቅታታል?»

«ኧረ አያቅታትም! ግን እማማ፣ ማሽኑ ዛሬ ቢሰበር ሚልኬሳ ነገ መርካቶ ወርዶ ከዚህ የባሰ የሚጮህ ይዞ ይመጣል።»

እማማ ሮማነወርቅ ይህን አላሰቡትም ነበር። ትንሽ ተራመዱና፣ «አፍሽ ግን ደህና አድጓል» አሉ።

«ለምን ለወረዳው አያመለክቱም? ለዚህ የተቀመጡ ሰዎች አሉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ይባላሉ። መጥተው ድምፁን ይለካሉ።»

አሮጊቷ መንገዱ መሐል ተተክለው ቆሙ። ሽቅብ የሚወጣ አህያ ነጂ ዞሮባቸው አለፈ።

«ስሚ፣ የቱሉ ልጅ። ወረዳ የምሄደው መታወቂያ ላድስ ነው። ጎረቤት ለመክሰስ እግሬን ባነሣ ይቺ እግር ትቆረጥ! ዳርቱ ማን እንደሆነች አንቺ ታውቂያለሽ? የማዕዶት እናት ስትሞትብኝ፣ ያቺ ሴት ቤቷን ዘግታ መጥታ ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተኝታ ከረመች። ውኃ እንኳ በግድ ያጠጣችኝ እሷ ናት። የሷን ልጅ ለፖሊስ ልሰጥ?»

«ፖሊስ ማን አነሣ?»

«ወረዳ ያው ፖሊስ ነው።»

«አይደለም። እሱ ነው ስሕተቱ፣ እማማ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁላችንም አቤቱታ ሲባል ካቴና ነው የሚታየን። ባለሙያው መጥቶ ይለካል። ከልክ ካለፈ በጽሑፍ ያስጠነቅቀዋል፣ የሚያስተካክልበት ጊዜ ይሰጠዋል። ካስተካከለ ሥራውን ይሠራል። ማንም አይታሰርም።»

«እኔ በራሴ መንገድ ሄጃለሁ። ሽማግሌ ልኬበታለሁ፤ ደጋግሜ።»

«ምን አለ?»

እማማ ሮማነወርቅ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉና ተነፈሱ። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቋጠሮ። ሽማግሌ በላኩ ቁጥር ሚልኬሳ አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «አጥፍቻለሁ እማማ፣ ይማሩኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹ «ለእግዚአብሔር በይ» ይሏቸዋል። ይቅር ይላሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ይመረቃል። ማሽኑ ጥቂት ቀን ሰከን ይልና ደንበኛ ሲበዛ ደግሞ ይነሣል። በመጨረሻው እርቅ ግን ሽማግሌዎቹ፣ «ከእንግዲህ ይህን ነገር መልሶ ያነሣ እርቅ አፍራሽ ነው» ብለው አሰሩት። እማማ ሮማነወርቅም «ይሁን» አሉ።

«እንግዲህ እኔ ነኝ የታሰርኩት» አሉ። «እሱ ይቆርጣል፤ እኔ ባነሣ እርቅ ያፈረስኩት እኔ ልሆን ነው። አየሽ? ይቅርታ ባልኩት ቁጥር አፌ እየተለጎመ መጣ። የኔን አፍ ታውቂዋለሽ፤ መለጎም ቀላል አይደለም።»

ለሰፈር ሰላም ሲባል በዚህ ዓይነት ስንት ሰው አፉን ይዞ ይኖራል! እርቅ ቅዱስ ነገር ነው። ቅዱስ በመሆኑ ግን የማይገባው ቦታ ሁሉ ይጎተታል። ቧንቧ ሲፈስ ሽማግሌ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ሽማግሌ! ውኃው ግን መፍሰሱን አይተውም።

ሲፋን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ላቧን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ማንንና ማንን ነው?» አለች።

«እኔንና ሚልኬሳን ነዋ!»

«እናንተማ ታረቃችሁ። ማሽኑስ?»

«ምን?»

«ማሽኑ ታርቋል ወይ? ድንጋይ ተሸክሞ ይማሩኝ አለ?»

እማማ ሮማነወርቅ ዘንጋቸውን ዝቅ አድርገው ጠጋ አሉ።

«እርቁን አላቃልልም» አለች ሲፋን ቀጥላ። «ሽማግሌ ሰውን ከሰው ያስታርቃል፤ በናንተ መካከል የነበረውን ቅያሜ አንሥቷል፣ ይህ ተገቢ ነው። ድምፅ ግን ቅያሜ አይደለም። ሽማግሌው ‹ቀንስ› ይለዋል፣ ሚልኬሳም ‹እሺ› ይላል። ምን ያህል ይቀንስ? አንዳቸውም አያውቁም። ልክ የሌለው እሺ ነው። ባለሙያው ግን መለኪያ አለው፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ይህ ነው፣ ያንተ ደግሞ ይህ ነው ይለዋል። ያኔ ሚልኬሳም የሚያደርገውን ያውቃል።»

«የብዙ ልጆች እንጀራ ነው እኮ። ስንቱን ሥራ ፈት ሰብስቦ ያሠራል። አዘጋሁት ልባል?»

«ማን ይዘጋበታል? አሉሚኒየም አይቁረጥ አላልኩም፤ ማዕዶት ጆሮ ላይ አይቁረጥ ነው። ግድግዳ ይሥራለት፣ ሰዓት ያውጣለት። አሁን ዝም ብለው የተውት ለሱ አዝነው ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ጎረቤት ሳይነግረው ከሶት፣ ሚልኬሳም ማስጠንቀቂያውን ንቆ፣ በሩ ላይ ወረቀት ቢለጠፍ ነው እንጀራው የሚቋረጠው።»

«ከጀርባ ነው! ሰው ከጀርባ አልናገርም። የምጠላውን ፊቱ ላይ ነው የምሰድበው፤ ጠይቂ።»

«አልጠይቅም፤ ሰምቻለሁ። እንግዲያው ፊቱ ላይ ይንገሩት። ነግሬው ሄድኩ ማለት ማንን ይከለክላል?»

አሮጊቷ ሌላ ቁስል አወጡ። «ዳርቱስ? አሁን እንኳ ተቀይማኛለች። ከመጨረሻው ሽምግልና ወዲህ ‹እንዴት አደርሽ ዳርቱ› ብዬ ባጥር ስጣራ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታሰጣለች። ሰምታ እንዳልሰማች! ያ ሁሉ ዘመን ባንድ ቀን ጠፋ።»

ሲፋን ቀና አለች። «ጀርባቸውን ሰጥተው? ፊት ለፊት ሲገናኙስ?»

«ፊት ለፊት እማ አንገቴን አንቃ ትስመኛለች። ይሉኝታዋ ነው።»

«ሲያወሩስ?»

«ትጮህብኛለች። ድሮ ሹክ ሹክ የምትል ሴት ነበረች፤ አሁን ሾላ ገበያ ዕቃ የምታሻሽጥ ነው የምትመስለው። በልቧ የያዘችው አለ።»

ሲፋን እጃቸውን ያዘች። «እማማ ሮማነ፣ ቂም የያዘ ሰው ፊት ለፊት ሲያገኝዎት ነው ፊቱን የሚያዞር። እትዬ ዳርቱ ግን ሲያዩዎት ይስማሉ፤ ሳያዩዎት ሲጠሯቸው ነው የማይመልሱ። ራሳቸውም ይጮሃሉ። ይህ ቂም ነው ወይስ ጆሮ?»

ነፋሱ ባሕር ዛፉን አወዛወዘው።

«ግራይንደሩ የሚቆመው ከሳቸው ማዕድ ቤት በር ላይ አይደለም?» አለች ሲፋን ለስለስ ብላ። «ማዕዶት ከአጥር ወዲህ ሆና ያልቻለችውን፣ እሳቸው ከአጥር ወዲያ ስንት ዓመት ቻሉት?»

«ሂጂ፤ ስፖርትሽን ሥሪ» አሉ አሮጊቷ በሻከረ ድምፅ። «ብርድ ይመታሻል።» ሲፋን ግን እስከ አስፋልቱ ድረስ አልተለየቻቸውም።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ለምሳ ሥራ ሲያቆሙ፣ ግቢውም ጸጥ ሲል፣ እማማ ሮማነወርቅ በእትዬ ዳርቱ በር ገቡ። እትዬ ዳርቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎመን ይቀነጥሳሉ። እማማ ሮማነወርቅ ከኋላቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቀው ቆሙና፣ «ዳርቱ» አሉ። ጎመን መቀንጠሱ ቀጠለ። «ዳርቱዬ» አሉ ትንሽ ከፍ አድርገው። ምንም። «ዳርቱ፣ ልጅሽን ልከሰው ነው» አሉ ሦስተኛ። እትዬ ዳርቱ አንድ የደረቀ ቅጠል ለይተው ጣሉ።

እማማ ሮማነወርቅ እንባቸው መጣ። ያቺን ሴት ስንት ወር ሙሉ በሆዳቸው ሲረግሟት ነበር። ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጉ እትዬ ዳርቱ ደንግጠው ዘለሉ።

«ወይኔ! ሮማነ! እንዴት እንደ ድመት ትገቢያለሽ?» አሉ እትዬ ዳርቱ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸው፤ አንገታቸውንም አንቀው ሳሟቸው።

«ጠርቼሽ ነበር» አሉ እማማ ሮማነወርቅ አፋቸውን እያሳዩ። «ጆሮሽ ምን ሆኖ ነው?»

እትዬ ዳርቱ ዝቅ ብለው ጎመኑን አዩ። «ውስጡ ይጮኻል። ቀንም ሌትም። ለልጁ አልነገርኩትም። ከነገርኩት ሥራውን ይተዋል፣ ወይ ደግሞ አይተወውም። አይተወው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።»

ይህ ነው እንግዲህ ዝምታ የሚሠራው። እናት ልጇን ላለማሳዘን ጆሮዋን ትሰጣለች፤ ልጅ እናቱ ያልነገረችውን ከየት ያውቃል? ጎረቤት ደግሞ አጥር ተደግፋ ቂም ትቆጥራለች።

እማማ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ሥራ ቦታው ሄዱ። ሚልኬሳ ፊቱ በብረት ብናኝ ጠቁሮ ዳቦ ይገምጣል። ሲያያቸው ዳቦውን አስቀምጦ ተነሣ። መልካም ልጅ ነው፤ ክፋቱ መልካምነቱ ላይ ነው፤ ሁሉንም እሺ ይላል።

«ልብስህን ቀይር።»

«ምን ተፈጠረ፣ እማማ?»

«ልከስህ ነው። ወረዳ አብረን እንሄዳለን።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሚልኬሳም ሊስቅ ሞከረ። «እማማ፣ እኛ እኮ ታርቀናል። ሽማግሌዎቹ…»

«እኔና አንተ ታርቀናል፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያ ቆሞ የሚያየኝ ግን» ዘንጋቸውን ወደ ግራይንደሩ ቀሰሩት፣ «ይማሩኝ ሲል አልሰማሁትም። ከሱ ጋር ነው ነገሬ።»

«ያሽጉብኛል! እነዚህን ልጆች ምን ላብላቸው?»

«ለዚህ ነው አብረኸኝ የምትሄደው። አፍ አለህ፣ ትናገራለህ። እኔ ብቻዬን ብሄድ ያየሁትን ነው የምነግራቸው፤ አንተ ደግሞ የምትችለውን ትነግራቸዋለህ። ከጀርባህ መሄድ አቅቶኝ መሰለህ? አልወድም እንጂ!»

«ደግሞ እኔ ራሴ ሄጄ ልከሰስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ አሁንም ይላል፤ አንተ ማሽኑ ጮሆብህ ነው የማትሰማው። ይልቅ ና ወዲህ።» እጁን ይዘው ማዕድ ቤቱ በር ላይ አቆሙት። «እናትህን ጥራት። ሳትጮህ።»

«እማዬ» አለ ሚልኬሳ።

እትዬ ዳርቱ ጎመኑን ያጥባሉ።

«እማዬ!»

ውኃውን ደፉት፤ አልዞሩም። ሚልኬሳ እማማ ሮማነወርቅን አየ፤ እንደገና እናቱን አየ። ከዚያ አልተከራከረም። ገብቶ ሸሚዙን ቀየረ።

በወረዳው በር ላይ ጥበቃው፣ «ለምን ጉዳይ ነው?» አለ።

«ክስ።»

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ።»

«ተከሳሽስ አድራሻው ይታወቃል?»

«ይኸው፤ ይዤው መጥቻለሁ» አሉ እማማ ሮማነወርቅ። ጥበቃው ሚልኬሳን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀና አሳለፋቸው።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው ታዴዎስ የሚባል ቀጭን ሰው ነው። የሚቀመጡበት ሰጥቶ በትሕትና ጠየቃቸው። እማማ ሮማነወርቅ ፊደል ስላልቆጠሩ እሱ ጻፈ፣ ጽፎም አነበበላቸው። «ተከሳሽ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ አስቆሙት።

«እሷን አጥፋ። ጎረቤቴ በል።»

«እማማ፣ አጻጻፉ እኮ እንዲህ ነው።»

«አጻጻፉን አላውቅም፤ ሰውየውን ግን አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ በል።»

ታዴዎስ ፈገግ ብሎ አስተካከለው። ከዚያ ወደ ሚልኬሳ ዞረ። «በፈቃድህ መምጣትህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው እኛን የሚያየን ችግሩ ከገነፈለ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንለካለን፤ ከዚያ ምን እንደሚሻል አብረን እናያለን። ቸል ካልክ ግን እስከ ማሸግ ይደርሳል፤ ይህንንም አልደብቅህም።»

ለልኬታው በመጣ ዕለት ታዴዎስ መሣሪያውን በማዕዶት መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ያዘ። ከአጥር ወዲያ ግራይንደሩ ተነሣ። እማማ ሮማነወርቅ፣ «ይኸው! ስማው! ይሄ ነው እንግዲህ ሰው የሚያኖር? ጻፈው! አልጻፍከውም?» እያሉ ዙሪያውን ይዞሩታል።

ታዴዎስ መሣሪያውን አየና እንደገና ያዘው። «እማማ፣ እባክዎን ከግቢ ይውጡልኝ። እስካሁን የለካሁት እርስዎን ነው።»

ማዕዶት ከአልጋዋ ላይ ሆና ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች። አሮጊቷ ተቆጥተው ወጡ፤ በር ላይ ሆነው ግን አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ያለሳቸውም ቢሆን ድምፁ ከተፈቀደው እጅግ ያለፈ ሆኖ ተገኘ።

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መጣ፤ የማስተካከያ ጊዜም ተሰጠ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልጣመም። ሚልኬሳ አንገቱን አቀርቅሮ ሰነበተ። ከእድሩ ሴቶች አንዳንዶቹ፣ «ሮማነ የጎረቤቷን ልጅ ከሰሰች» እያሉ ተንሾካሾኩ፤ አንዷማ ሾላ ገበያ በርበሬ ስትመርጥ አግኝታቸው ፊቷን አዞረችባቸው። እማማ ሮማነወርቅ፣ «አዙሪው፤ በዚያም በኩል አያምርም» ብለው አለፉ።

ሥራው ግን ተጀመረ። ሚልኬሳ መቁረጫውን ከማዕድ ቤቱ በር አንሥቶ በግቢው ጥግ በብሎኬት በሠራት ክፍል አስገባ፤ ውስጧንም በአሮጌ ፍራሽና በስፖንጅ ለበጣት። ጠዋት ጠዋት ልኬትና መገጣጠም፣ መቁረጥና መቀጥቀጥ ከሰዓት በኋላ፣ ማዕዶት ከተነሣች በኋላ እንዲሆን ሰዓት አወጣ። ለሠራተኞቹም የጆሮ መሸፈኛ ገዛ። ከሰፈር ወጣ ያለ የሥራ ሼድ እንዲሰጠውም አመልክቷል፤ እሱ ገና አልተገኘም፣ እየጠበቀ ነው። እትዬ ዳርቱን ማዕዶት ራሷ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል አለ። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ የሚተርፈው ይበዛ ነበር።

የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ሌላ ጉዳይ ካለ ብለው ጠየቁ። እማማ ሮማነወርቅ ተነሡ።

«የምታሙኝን ሰምቻለሁ» አሉ። «ቀስ ብላችሁ የምታወሩም፣ ሰፈሩ ጸጥ ስላለ አሁን ይሰማል።» ጥቂቶች ሳቁ፤ ጥቂቶች መሬት መሬት አዩ። «እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ወረዳ መሄድ ጎረቤት መሸጥ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ላክሁ፣ ታረቅሁ፣ ደግሞም ላክሁ። ሽማግሌዎቻችንን እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን፤ ሰው ሲጣላ እነሱን ነው የምንጠራው፣ ወደፊትም እንጠራለን። ማሽንና ድምፅ ማጉያ ግን ሽማግሌ አያከብርም! እሱ የሚያከብረው መለኪያና ሰዓት ነው።

«ምን ተጎዳን? ይኸው ሚልኬሳ፤ ታሰረ? ተዘጋበት? ልጆቹ ተበተኑ? እሱ ራሱ ይንገራችሁ።»

ሚልኬሳ ከጥግ ተነሣ። «ሥራዬ አልቀነሰም» አለ። «ደንበኛ ሲመጣ ሳንጯጯህ እንነጋገራለን፤ በስሕተት የምቆርጠው ብረትም ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። የእናቴ ጆሮ።»

ይህን ብሎ ተቀመጠ።

«ሰማችሁ?» አሉ እማማ ሮማነወርቅ። «ይህች ዳርቱ አጠገቤ ተቀምጣ ግማሹን ነው የምትሰማኝ። እኔ ተቀየመችኝ ብዬ ዝም አልኩ፣ እሷ ልጄን አላስቸግር ብላ ዝም አለች፣ እሱ ማንም አልከሰሰኝም ብሎ ቆረጠ። ሁላችንም ጨዋ ሆንንና ጆሮዋን በላነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሚረብሽህ ነገር ሲኖር መጀመሪያ ለራሱ ለሰውየው ንገረው። ካልተስተካከለ ሂድና አመልክት፤ ስትሄድም ንገረው፣ ከቻልክ ይዘኸው ሂድ። ሕፃን ይተኛል፣ ተማሪ ያጠናል፣ በሽተኛ ያርፋል፣ ባለሥራውም የሚሠራበትን ልክ አውቆ ያለ ስጋት ይሠራል። ጎረቤትነት ማለት ይህን መቻቻል እንጂ አብሮ መደንቆር አይደለም! ጨረስኩ።»

በርበሬ ስትመርጥ ፊቷን ያዞረችባቸው ሴት ከስብሰባው በኋላ ነጠላቸውን ጎተተችና፣ «እትዬ ሮማነ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ግሮሰሪ ድምፅ ማጉያውን ወደ ልጆቼ መስኮት አዙሮ…» ብላ ጀመረች።

«ባለቤቱን ነገርሽው?»

«ኧረ አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው ምን ታሚኛለሽ እዚህ? ሂጂ ንገሪው። እንቢ ካለ ወረዳው የት እንደሆነ አሳይሻለሁ።»

ቤታቸው ሲደርሱ ቀኑ ገና ብሩህ ነበር። ማዕዶት ወሩ አልቆም አልሄደችም። የኪራዩን ቤት ለባልደረባዋ ትታላት አያቷ ጋ ቀርታለች፤ ያን ዕለትም ከሥራ ገብታ ከተኛች ቆይታለች። እማማ ሮማነወርቅ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጅቱ እንቅልፏ እንዲህ ሲረዝም አይተው ስለማያውቁ በድንገት ፍርሃት ያዛቸው፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አልጋው ላይ ጎንበስ አሉ።

ትንፋሿን ሰሙት። ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሕፃን ሆና በጀርባቸው ካዘሏት ወዲህ ትንፋሿን ሰምተውት አያውቁም ነበር።

በር ላይ አንዲት ጎረቤት፣ «እማማ ሮማነ! አላችሁ?» ብላ ስትጣራ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ ሰፈር ማንም ከሳቸው ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፣ «ቀስ» አሉ።